የአባቴን ኮምፒውተር ለሁለት የከፈልኩ ጊዜ

ሙያዬ ኮምፒውተር ነው። ድሮ ይህን ስናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር፤ ዛሬ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ማሽን ሁሉ የማየው እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው፣ ፕሪንተሩ ወረቀት የዋጠበት፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሁሉ የሚጠራው እኔን ነው። ፋይሉ ጠፍቶበት የመጣን ሰው "ኮፒ ሳታስቀምጥ ምን ስትሠራ ነበር?" ብዬ የምቆጣውም እኔው ነኝ። ቁጣዬን ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል።

አምና የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ላፕቶፔ ከባጃጅ ወድቆ ስክሪኑ ድቅቅ አለ። አወዳደቁም ጊዜ አልመረጠም። በኢንተርኔት የሰርቨር አስተዳደር ኮርስ ጀምሬ ነበር፤ ለኮርሱ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት የተጫነበት ማሽን ያስፈልገኛል፣ ፈተናውም እየቀረበ ነው። ቤታችን ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአባቴ ነው። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው እኔና አባቴ ብቻ ነን፤ እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ መጣ፤ እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ፣ እዚሁ ቀረ። እናቴ ስታርፍ ቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ራሱ ጻፈው። የተለመደው ዓይነት አልነበረም፤ "ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ" ብሎ ጀምሮ በልጆች ቁጥር የሚጨርስ አይደለም። ሽንኩርት ስትከትፍ እንደምታንጎራጉር፣ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ምላሷን በጥርሷ እንደምትይዝ፣ ሰው ቤት ስትሄድ ሁሌ ጃንጥላዋን ረስታ እንደምትመጣ ጻፈ። ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በደብራችን ሰው ሲያርፍ ቤተ ዘመድ መጀመሪያ ድንኳን ያስተክላል፣ ቀጥሎ ወደ አባቴ ይመጣል።

አሠራሩ የራሱ ነው። ከሟች ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፣ በትንሽ ደብተር ማስታወሻ ይይዛል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክሎ ይጽፈዋል። ጽፎ ሲጨርስ ማስታወሻውን ቅድድ አድርጎ ይጥለዋል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ሰው ስለ ሟቹ ሲያወራ ለዐደባባይ የማይሆን ነገርም ያመልጠዋል፣ እሱ ከእኔ ጋር ይቅር አለኝ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ቤቱ በቁርጥራጭ ወረቀት አልሞላም።

የአባቴ የልብ ጓደኛ ሙስሊም ናቸው። ጀጎል ውስጥ ተወልደው ያደጉ ሐረሪ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ክርስቲያን ባልደረባ ሲሞት ከቀብር አይቀሩም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው በድምፅ ማጉያው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሦስታችን ከቀብር ስንመለስ አባቴን ክንዱን ያዝ አደረጉትና፣ "እናንተ ሰውን የምታመሰግኑት ጆሮው ከተደፈነ በኋላ ነው" አሉት። "እኛም ቶሎ ቀብረን ዱዓ አድርገን እንበተናለን። የእኔን አንተ ጻፈው፤ እኔም ቁጭ ብዬ ልስማው።" አባቴ ሳቀ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ቀልድ አልነበረም። የዚያን ዓመት መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር የሚጠፋቸው፣ ቀጥሎ የተነጋገሩት ነገር፣ በመጨረሻም መንገዱ ራሱ ጠፋቸው። ሰባ ዓመት በተመላለሱበት የጀጎል ጠባብ መንገድ ውስጥ ተደናግረው ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በሰንጋ በር አጠገብ ቆመው የተገኙ ቀን አባቴ እራቱን አልበላም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ደብተሩን ይዞ ቤታቸው ይሄድ ጀመር። እሳቸው ገና የሚያስታውሱትን እየነገሩት፣ እሱ እየጻፈ፣ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ጽሑፉ አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ለሸዋሊድ አነብልሃለሁ ብሎም ቃል ገባላቸው። ሸዋሊድ ከረመዳን ኢድ በኋላ ስድስቱን ቀን ጾመው ለጨረሱት የሚከበር በዓል ነው፤ ጀጎል ከዚያ የበለጠ የሚደምቅበት ቀን የለውም።

ሸዋሊድ ሲቃረብ የእኚህ ሰው ትዝታ አብዛኛው ከራሳቸው ጠፍቶ ነበር። ማስታወሻው ተቀዷል። ሕይወታቸው ተጽፎ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአባቴ ኮምፒውተር ውስጥ። እሷን ነው እንግዲህ እኔ ሁለት ላድርጋት ብዬ የተነሳሁት።

ለምን ሁለት፣ ለምን ዝም ብለሽ አዲሱን አልጫንሽም የሚል አይጠፋም። አባቴ የሚጽፈው በድሮ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ከድሮው ዊንዶውስ በቀር በሌላ አይሠራም። በፕሮግራሙ የተጻፈውን ጽሑፍ ሌላ ማሽን ላይ ከከፈቱት ፊደሉ ፊደል አይሆንም፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ዝባዝንኬ ነው የሚወጣው። የአባቴ ዓይን ደክሟል፤ ጣቶቹ ግን የእያንዳንዱን ፊደል ቦታ ያውቁታል። በዚህ ዕድሜው ሌላ ልማር ቢል ጊዜ የለውም። ስለዚህ የእሱ ዊንዶውስ ባለበት ይቀመጣል፣ ከጎኑ የእኔ ሊኑክስ ይጫናል፣ ማሽኑ ሲበራ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። ይኸው ነው።

ይህን ሳስረዳው ጋዜጣውን አጥፎ አዳመጠኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔን አትነኪም አይደል አለኝ። አንተ ሙት ንክች አላደርገውም ብዬ ማልኩለት። የሰው የሕይወት ታሪክ በሚጽፍ ሰው ፊት እንዲህ አይማልም አለና ሳቅ ብሎ ፈቀደልኝ።

ሥራውን የጀመርኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አባቴ ቅዳሴ ሄዷል። ማሽኑን ሳበራው መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ከታች ጥግ ላይ ያለው ቀን ነበር፤ ዓመቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይላል። ሰዓቱም ተዛብቷል። አይ አባዬ፣ የማሽንህ ባትሪ ሞቶ ዝም ብለህ ትጽፋለህ ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ በሽታ በየቀኑ ነው የማየው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀኑንም ሰዓቱንም አስተካከልኩለት። እስኪ አስቡት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት የሚለውን ሰዓት፣ ተሳስተሃል ብዬ ዘጠኝ ሰዓት አደረግኩት። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ የደብሩ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ቀና ብዬ ባየው ኖሮ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቀን ቁርጥ ያው መሆኑን አየው ነበር። ኮምፒውተር ላይ የፈረንጅ ቀን ካልሆነ ቀን አይደለም ብሎ የለመደ ዓይን ምን ይደረጋል።

ከዚያ የማሽኑን ሆድ አየሁ። ሁለት ክፍል አለው። ሲ የሚባለው ላይ ዊንዶውሱ ተጭኗል፣ ዲ የሚባለው ላይ የአባቴ ጽሑፎች አሉ። ጽሑፎቹን በቀን በቀን ደረደርኳቸው። ከሁሉም አዲስ የሚባለው ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዲህ እኔ ሥራ የያዝኩ ጊዜ፣ ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ የአባቴን ጽሑፎች በሙሉ በፍላሽ ገልብጬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። እዚህ ያለው ሁሉ ከፍላሹ በፊት የተጻፈ ከሆነ ሁሉም ፍላሹ ላይ አለ ማለት ነው። አዲሱን የጓደኛውን ታሪክ ሲ ላይ ነው የሚያስቀምጠው ማለት ነው ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ሄጄ አላየሁም። ከፋይሎቹ መሀል ማሽኑ ራሱ ከመሠራቱ በፊት የተጻፉ የሚመስሉም ነበሩ፤ እነሱንም እያየሁ አለፍኳቸው። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው የሚደነቁረው።

ዲ የሚባለውን ክፍል ለሊኑክሱ ሰጠሁት። ይህ ክፍል ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ማሽኑ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ።

አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ሥራው አልቆ ነበር። አስቀመጥኩትና አሳየሁት፤ ማሽኑ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፣ የላይኛው የአንተ ነው፣ ምንም ሳትነካ ዐሥር ሰከንድ ብትጠብቅ ራሱ ይከፍትልሃል፤ እኔ ግን በዚያች ዐሥር ሰከንድ ውስጥ ወደ ታች ካልወረድኩ አመለጠኝ ማለት ነው አልኩት። በጣም ደስ አለው። ቀድሞ የሚገባው እኔ ነኛ አለ። እሑድ እሱ አይጽፍም፣ ሰንበት ነው። እኔ ግን እሑድን ቀኑን ሙሉ ሊኑክሱ ላይ ተጥጄ ለኮርሱ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ከስልኬ ኢንተርኔት እየሳብኩ አወረድኩ። ያወረድኩት እያንዳንዱ ነገር የአባቴ ገጾች በነበሩበት ቦታ ላይ እየተጻፈ ነበር፤ አላወቅኩም።

ሰኞ ለምሳ ከቢሮ ስመጣ አባቴ ከማሽኑ ፊት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ምሳ አላሞቀም። ዲ የሚባለው ቤት የለም አለኝ። ቀለል አድርጌ፣ እነዚያ ድሮዎቹ ጽሑፎች ፍላሽ ላይ አሉ፣ አሁን አመጣልሃለሁ አልኩት። የትኞቹ ድሮዎቹ አለ። ስምንት ዓመት ያለፋቸው አልኩ። አባቴ ስክሪኑን በጣቱ አሳየኝ፤ ጥጉ ላይ ያለውን፣ እኔ ያስተካከልኩትን ቀን።

"ቀኑን ለምን ነካሽው?"

"ተሳስቶ ነበር፣ አባዬ።"

"አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የሞላሁት፤ የእኛ ቀን ነው።"

ለካ አባቴ ይህን ማሽን ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ወር በገባ ቁጥር ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይሞላው ነበር። የሰው ልደትና ዕረፍት የምጽፍበት ነገር በማን ቀን ይሂድ ነው የሚለው። ጳጉሜን ማሽኑ ስለማያውቃት በዚያች ሳምንት ጨርሶ አያበራውም፤ እሱም ይረፍ ይላል። ባትሪው አልሞተም ነበር። ሁሉም ጽሑፍ በተጻፈበት ትክክለኛ ቀን ላይ ነበር፤ ባለፈው ወር የተጻፈው ባለፈው ወር፣ ባለፈው ሳምንት የተጻፈው ባለፈው ሳምንት። ስምንት ዓመት ያሳረጀሁት እኔ ነኝ። አሥራ አራቱ ገጾችም ዲ ላይ ነበሩ።

ለሸዋሊድ አምስት ቀን ቀርቷል።

ያጠፋሁትን ስነግረው ቃላቱ አፌ ውስጥ ይደናቀፉብኝ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። የቁጣ ልጅ ነኝ፣ ቁጣ አውቃለሁ፣ ከቁጣ ጋር እንዴት እንደሚኖር አውቃለሁ። አባቴ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና፣ ምሳሽን ብዪ፣ ሰዓት ይሄድብሻል አለኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ፋይሉ የጠፋበት ሰው ላይ ስጮህ የኖርኩት ሁሉ አንድ ባንድ ፊቴ መጣ።

ማሽኑን ዳግመኛ እንዳትነካው አልኩትና ከውስጡ ዲስኩን ነቅዬ ወደ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ከባልደረባዬ ላፕቶፕ ተውሼ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ጭኜ፣ ሁለት ቀን የምሳ ሰዓቴን ሁሉ እሱ ላይ አዋልኩት። ፕሮግራሙ ከዲስኩ ላይ የቃረመውን እያወጣ ይደረድራል፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ብከፍታቸው ዝባዝንኬ ናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ ሊለይ የሚችለው የአባቴ ፕሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ዲስኩን ቤት መለስኩት፤ የተገኘውን ሁሉ ዊንዶውሱ ላይ ገለበጥኩና ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን።

እኔ እከፍታለሁ፣ እሱ ያነባል። ያ ከሰዓት ከአባቴ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ የተለየ ነበር። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ደብሩ ውስጥ ያረፈ ሰው ሁሉ ቁርጥራጭ ሆኖ ይመጣል። አንዱ ግማሽ ገጽ ነው፣ አንዱ ሁለት መስመር። ይቺ የወፍጮ ቤቷ ናት ይላል አባቴ፤ "ሲቆጡ እንኳ ልጆች የማይፈሯቸው ሴት ነበሩ" የሚል ብቻ ተርፏል። ይሄ የአናጢው ነው፤ የሠራው ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ የማያውቅ። ይሄ ማን ነበር፣ ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ያ ወታደሩ ነው፣ ሠፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው፣ ድመት ጭናቸው ላይ ተኝታባቸው ከሆነ ስልክ እንኳ የማያነሱ። አንዳንዱን ሲያነብ ይስቃል፣ አንዳንዱን ደጋግሞ ያነበዋል። እነዚህን ሁሉ ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ግን አባቴ እንዲህ እንደሚያያቸው አላውቅም ነበር። ወደድኩት። ሁሌም እወደዋለሁ፣ ያን ዕለት ግን እንግዳ ሰው እንደሚወደድ አድርጌ ወደድኩት።

ከጓደኛው ታሪክ የተገኘው አራት ገጽ ነው። መጀመሪያውም መጨረሻውም የለም፤ ከመሀል አራት ገጽ።

በማግስቱ አባቴ ደብተሩን ይዞ ጀጎል ሄደ። እንደገና ሊጠይቃቸው ነው። ቶሎ ተመለሰ። ደብተሩ ላይ አንድም ቃል አልጻፈም። ጠየቅኩት አለኝ ጫማውን እየፈታ፤ ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ስለ መጀመሪያ ደመወዙ ጠየቅኩት፣ ፈገግ ብሎ አየኝና፣ አንተ ታውቀው የለም ወይ፣ አንተ ንገረኝ አለኝ። ከዚያ አባቴ ጓዳ ገባና ውሃ ጠጣ። እኔ ሳሎን ቆሜ ቀረሁ። የአንድ ዓመት ቅዳሜዎችን በአንድ ጠዋት እንዳጠፋሁበት የገባኝ ያኔ ነው። ማንም ምንም ቢያደርግ አይመለሱም።

የሸዋሊድ ዕለት አባቴ አራቱን ገጽ ሸዋ በር አጠገብ፣ ያው የድሮ ፕሮግራም ካለበት ማተሚያ ቤት አሳትሞ በፖስታ አደረገና፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ነይ፣ አብረሽኝ ሂጂ አለኝ። ልቀር ፈልጌ ነበር፤ ምን ዓይን አለኝ። ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጀጎል ውስጥ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ሴቶቹ በየቀለሙ ለብሰዋል፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ የሚጠበስበት ዘይት ይሸታል፣ ከየበሩ የዚክሪ ዜማ ይሰማል። አባቴ ከሰዉ መሀል ፖስታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቀስ እያለ ይሄዳል።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው ተቀበሉን። ጫማችንን አወለቅን። ሐረሪ ቤት ውስጥ መቀመጫው ነደባ የሚባል ከፍ ዝቅ ብሎ የተሠራ መደብ ነው፤ የአባቴ ጓደኛ ከፍ ባለው ላይ ነጭ ለብሰው፣ ያማረ ኮፍያ አድርገው ትራስ ተደግፈዋል። ባለቤታቸው የእኛን ጾም ያውቁታል፤ ወተት የሌለበት ቁጢ፣ የቡና ቅጠል የሚፈላበትን መጠጥ፣ ከአንድ ሳህን ሙሸበክ ጋር አቀረቡልን። እሳቸው አባቴን ሲያዩት ደስ አላቸው፤ ማንነቱን ግን አላወቁትም። እንግዳ ስለመጣ ነው ደስ ያላቸው።

አባቴ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና ያመጣሁት የአንድ ሰው ታሪክ ነው፣ ላንብብልህ ወይ አላቸው። ማሻአላህ፣ አንብብ አሉ። አራቱን ገጽ አነበበ። አራት ገጽ ስንት ደቂቃ ይወስዳል። ወረቀቱ ሲያልቅ አንገቴን ደፋሁ፤ ይኸው ነው፣ አለቀ፣ እኔ ያተረፍኩለት ይቺን ናት ብዬ። አባቴ ግን ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ከዚያ በቃሉ ቀጠለ።

አባቴ በሕይወቱ ሰው ፊት ሳይጽፍ ተናግሮ አያውቅም። እናቴን ያገባ ዕለት እንኳ ንግግሩን በወረቀት ይዞ ነው የገባው። ያን ዕለት ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። አንዳንዴ ዓመቱን ይስታል፣ ይመለሳል፣ ያርማል። አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ከሐረር ወጣ ባለችው ድሬ ጠያራ ለተከፈተ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ የሚወስድ አህያ አጥቶ በጀርባው ተሸክሞ እንደሄደ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ የማንን ቤት በር ነቅለህ ነው የምትሄደው እያለ እንደጠየቀው ነገራቸው። ይሄ ወጣት፣ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የማያውቀው መምህር ኪራይ ቤት ውስጥ በታይፎይድ ብቻውን ተኝቶ ቢያገኘው፣ ወደ እናቱ ቤት ወስዶ አርባ ቀን እንዳስታመመው ነገራቸው። እናቱ ለታማሚው ክርስቲያን ጾሙን አስልተው የሚበላውን ለይተው ያበስሉ እንደነበር፣ ሲድንም ሂድ ያለው ሰው እንዳልነበር ነገራቸው። የአባቴ ድምፅ እዚያ ላይ ተሰበረ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። እኔማ ተዉኝ።

እሳቸው አንድም ጊዜ ዓይናቸውን ከአባቴ ላይ አላነሱም። የሰሌዳው ታሪክ ላይ ከት ብለው ሳቁ። የሰውየው እናት ነገር ሲነሳ አልሃምዱሊላህ አሉ። እንዳያልቅባቸው የፈሩ ይመስል አባቴ ባቆመ ቁጥር እሺ፣ እሺ፣ ከዚያስ ይሉታል። እኔ አሁን ያውቃሉ፣ አሁን ይሄ እኔ ነኝ ይላሉ እያልኩ እጠብቃለሁ። አላሉም። አባቴ ጨረሰ።

"እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው" አሉ እሳቸው። "አለ?"

"አለ" አለ አባቴ።

"የት ነው ያለው?"

"እዚሁ ነው። መጥቷል።"

የአባቴ ጓደኛ ደንገጥ አሉ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ባለቤታቸው አዩ፤ ቤታቸው የመጣ ሰው ቆሞ እንደቀረባቸው ሰው አፈሩ። ልብሳቸውን ሰበሰብ አድርገው ከተቀመጡበት ከፍ ያለ ነደባ ላይ ወደ ጥግ ተጠጉ፣ ትራሳቸውን አነሱ፣ የለቀቁትን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

"ታዲያ ለምን ታቆሙታላችሁ" አሉ። "እዚህ ከእኔ ጋር ይቀመጥ እንጂ።"

አባቴ ቀስ ብሎ ከቦታው ተነሳ፣ ወደ ላይኛው መደብ ወጣና ለዚያ ደግ ሰው በለቀቁት ቦታ ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም ፊታቸው በራ። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እንኳን ደህና መጣህ" አሉት። "ስለ አንተ ሲነግሩኝ ነበር።"

"እንኳን ደህና ቆየኸኝ" አላቸው አባቴ።